ማነከስ ያቆመው ሰዓት

ሰዓት ሠሪው የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይሁን እንጂ እስከ ቀትር ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ይጽፍ ነበር። ሳጅኑን ላብ ያጠመቀውም ሬሳው ሳይሆን ይኸኛው ነገር ነው፤ ሬሳስ በሥራው ብዙ አይቷል።

ሟቹ በሱቁ ወለል ላይ፣ በሥራ ጠረጴዛውና በአንድ ረጅም ቋሚ ሰዓት መካከል በደረቱ ተደፍቷል። ከራሱ አጠገብ ከባድ የእርሳስ ክብደት ወድቋል። የቋሚው ሰዓት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ከውስጡ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። የጠረጴዛው መሳቢያዎች አንዱ በሩቡ፣ ሌላው በግማሹ ተከፍተዋል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሠላሳ የሚሆኑ ሰዓቶች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጥራሉ።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ጠረገች። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል፤ ደቃቁን አሳልፋ ጓሉን ስለምታስቀር። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። የሚያጣድፋትን ሰው አትወድም። ሳጅኑ ደግሞ ማጣደፍ ሱስ ሆኖበታል።

«አደጋ ብዬ ልጽፈው ነበር» አላት። «ገመዱ ተበጠሰ፣ ክብደቱ ወረደ፣ አናታቸውን አላቸው።»

«ታዲያ ምን ከለከለህ?»

«ይሄ።» ስልኩን ዘረጋላት። «የሰዓት ሠሪዎች መድረክ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዓት ጠጋኞች ይጨቃጨቁበታል። ሐኪሙ ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው የሞቱት ይላል። እሳቸው ግን አራት ላይ ጽፈዋል፣ አራት ተኩል ላይ ጽፈዋል፣ ከዚያም እስከ ስድስት ድረስ ጽፈዋል። ሬሳ እንዴት ይጽፋል?»

«ሬሳ አይጽፍም። ለመሆኑ ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

ጥያቄው ለሳጅኑ ከጉዳዩ የወጣ መሰለው። «ቁጥር ነው። ዋናው ማን እንደጻፈው ነው። ኤአይ ነው፤ ኤጀንት የሚሉት፣ የታዘዘውን በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም። ከመድረኩ ጋር ያገናኘችው የወንድማቸው ልጅ ናት፣ ፕሮግራመር። ጠዋት እዚህ እንደነበረች ራሷ አምናለች። ገደለቻቸው፣ ከዚያ በሕይወት ያሉ ለማስመሰል ማሽኑን አስለፈለፈችው። ልይዛት ነው።»

«አትጠፋብህም፤ ቆይ» አለችው ወንፊት፤ ወደ ቋሚው ሰዓት ሄዳም የተንጠለጠለውን ገመድ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ጫፉ ጉልበቷ አጠገብ ነበር። ጥቂት አየችውና ለቀቀችው።

የሟች ሚስት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ያመጣችውን ምሳ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቁጭ ብላለች። ከጠዋት ጀምሮ እህቷ ቤት ቆይታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዛ ስትገባ ነው ባሏን ያገኘችው። የእህቷ ጎረቤቶችም መስክረውላታል።

«ያንን ረጅም ሰዓት መቼ ነበር የሚሞሉት?» አለቻት ወንፊት።

«ሰኞ ሰኞ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ቁርስ ሳቀርብ እሱ ቁልፍ ያዞራል፤ ቁርሱ ይቀዘቅዛል።» ሴትዮዋ የምሳውን ክዳን ጫን አደረገች። «ያንን ማሽን ቤቴ ያስገባችው ልጅቷ ናት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የማይነግረኝን ለእሱ ይነግረዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ደግሞ አቧራውን እንኳ እንዳትነኪው አለኝ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀኑ።»

ወንፊት ተመልሳ የተባለውን ሰዓት ተመለከተችው። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ያለው፣ መካከለኛ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ትንሽ ማይክ ተለጥፎበታል፤ ቀጥ ብሎም ተሰቅሏል። ሳጥኑ በስስ አቧራ ተሸፍኖ ከታችኛው ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተጠርጓል። የአሻራ ባለሙያውን ጠራችና በጣቷ አሳየችው። ለሳጅኑ ምንም አላለችውም፤ ሳጅኑም ተቀየማት።

የወንድሙ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላለች።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣሁ» አለች። «ግንኙነቱ ተቋርጦ ነበር። አንድ መስመር ጽፌ መለስኩትና ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲል ሄድኩ። ጋሼ ሻይ አፍልቶልኝ ነበር፤ ቸኩዬ አልጠጣሁትም።» እዚህ ላይ አንገቷን ደፋች። «ልታስሩኝ ነው? ሳጅኑ እንደዚያ ብሎኛል። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የጋሼን ስልክ ይጠብቃል። ሃያ ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ግን አልደወለለትም። አሁን ወንድምህ ሞቷል፣ ልጅህም በሱ ጉዳይ ታስራለች ብሎ የሚነግረው ማን ነው?»

«እስክንጨርስ ማንም አይነግረውም። አሁን ይህን ነገር አሳዪኝ፤ ለማያውቅ ሰው እንደምታሳዪ አድርገሽ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተች። በነጭ ፊደል የተጻፉ መስመሮች ብቻ እንጂ ሥዕል የለውም፤ የሚጫኑት ምልክትም የለውም።

«እዚህ ላይ ትእዛዝ ይጻፋል። ያገናኘው ጋሼ ራሱ ነው፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ እየነገርኩት በአንድ ጣቱ ጻፈው። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። መድረኩ የይለፍ ቁልፍ ላከልን፤ ከዚያም የኤጀንቱ ባለቤት ሰው መሆኑን ጋሼ ገብቶ አረጋገጠ። "አሁን ሻይ የማይጠጣ ደቀ መዝሙር አገኘሁ" አለ።»

«ምን ይሠራል?»

«ሁለት ነገር። አንደኛ ያንን ሰዓት ያዳምጣል። ሰዓት ተጣሞ ከተሰቀለ ያነክሳል፤ ቲክና ታኩ እኩል አይሆንም። የሚያነክስ ሰዓት ውሎ አድሮ በራሱ ይቆማል አይቆምም ብለው መድረኩ ላይ ተከራከሩ። ጋሼ ሆን ብሎ አጣሞ ሰቀለውና ሠላሳ ቀን ማንም እንዳይነካው አለ። ኤጀንቱ በየግማሽ ሰዓቱ ማነከሱን ለክቶ በጋሼ ስም ይለጥፋል። ድምፅ አያስቀምጥም፣ ቁጥር ብቻ። ዜሮ ማለት ቀጥ ያለ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«የመድረኩን የአሥራ አምስት ዓመት ጽሑፍና ፎቶ እያነበበ ጋሼ የጠየቀውን ይፈልጋል። ከቁጥሩ ውጭ ግን ጋሼ "እሺ" ካላለው አንድ ቃል አይለጥፍም።»

ወንፊት መነጽሯን አደረገች። ከመስኮቱ ግርጌ «አንድ ጽሑፍ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠብቃል» ይላል።

«ይሄስ?»

«የጋሼ ነው። የሰው ደብዳቤ አልከፍትም።»

«ዛሬ ትከፍቺዋለሽ።»

ከፈተችው። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ የአንድ ትልቅ ሰዓት ውስጥ፣ ከሥራቸውም አጭር ጽሑፍ። ወንፊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጅቷም አነበበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዝጊው» አለቻት ወንፊት። «እስከ ሰኞ አንድም ቃል እንዳታወጪ። አሁን የዛሬን ቁጥሮች አውጪልኝ።»

ልጅቷ አወጣችላት። ሦስት ሰዓት፣ 41። ሦስት ተኩል፣ 41። አራት፣ 41። አራት ተኩል፣ 1። አምስት፣ 1፤ ከዚያም እስከ ስድስት ሁሌም 1። ከመጨረሻዎቹ ሥር አባላቱ ይስቃሉ፤ «ጎሽ ጋሼ፣ በመጨረሻ እጅ ሰጠህ!» ብሏል አንዱ። የሚያሾፉበት ሰው በዚያን ጊዜ ወለሉ ላይ ነበር።

የመድረኩ አወያይ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ቤታቸው ከሱቁ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁን በር ሲያንኳኩ የታዩት እሳቸው በመሆናቸው ሳጅኑ ለጥቂት ደቂቃ ልጅቷን ረስቶ ነበር።

«ልወቅሰው ነው የሄድኩት» አሉ ሽማግሌው፤ አሁንም ቅሬታው አልወጣላቸውም። «ሠላሳ ቀን ብለን ተማምለን በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ አቃናው። እልኸኛ መሆኑን ስለማውቅ ነው የገረመኝ። አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። አኩርፎ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«በማሽኑ ምክንያት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለ ሳጅኑ።

«ተጣልተናል፣ ማን ይክዳል? ማሽን በሰው ጉባኤ መሐል ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ኋላ ግን ከአባሎቼ ከግማሹ ይልቅ ጨዋ ሆኖ አገኘሁት። ያልተጠየቀውን አይናገርም።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔ ሳንኳኳ ሞቶ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ» አለች ወንፊት።

«ወርቅ እጁ» የሚሉት ሰው ሱቅ ከሟቹ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የሟቹ ተማሪ ሆኖ ገብቶ አሁን አርባ ደፍኗል። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ቀጥ ብለው ተሰቅለዋል። ከመስታወት ሥር የተከፈተ ጋዜጣ ይታያል፤ ወርቅ እጁ፣ ከጠገነው የሙዚየም ትልቅ ሰዓት አጠገብ ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«አባቴ ነበሩ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያለቀሰ ይመስላል፤ አልቅሷልም። «ከጠዋት እስከ ቀትር ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ከፊት ለፊቴ ሲሞቱ አለመስማቴ ይቆጨኛል።»

«በቅርብ ሱቃቸው ሄደህ ነበር?»

«ወር ሊሞላኝ ነው። ያንን ማሽን ካገናኙ ወዲህ እግሬንም አላነሳሁ፣ መድረኩንም አልከፈትኩ። ሰዓት በጆሮ ነው እንጂ በኮምፒውተር አይሠራም። ለሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።»

ወንፊት ለመቀመጥ ስትዞር የቦርሳዋ ማንገቻ ከግድግዳው ላይ ካለ አንድ ሰዓት ጋር ተያያዘና ሰዓቱን አጋደለው። ወርቅ እጁ ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ሰደደ፤ በአውራ ጣቱ ከታች ገፋ አደረገው።

«ሰው ማማት አልወድም» ይል ነበር። «ግን ያን ጥቁር መስኮት ከልጅቷ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰፈሩም የሚያወራው ይኸንኑ ነው።»

«ይቅርታ፣ ሰዓትህን ገፋሁብህ» አለችው።

«የቱን?» አለ።

ሰኞ ጠዋት አራቱም በሟቹ ሱቅ ተሰበሰቡ፦ ሚስቲቱ፣ የወንድሙ ልጅ፣ አወያዩና ወርቅ እጁ። ሚስቲቱ ከልጅቷ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀምጣለች። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል። ቋሚው ሰዓት ያለ ክብደቱ ቀጥ ብሏል፤ የሚሞላው ሰውም የለም።

«ከገመዱ እንጀምር» አለች ወንፊት። «ይህ ሰዓት የሚሞላው ሰኞ ነው። ሲሞላ ክብደቱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቅዳሜ የገመዱ ጫፍ ጉልበቴ ጋ ነበር። ጉልበት ጋ ያለ ነገር የቆመ ሰው አናት ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ሰው መታቸው፤ አደጋ ለማስመሰልም ገመዱን በጠሰው። ፖሊስ ስለ ሰዓት ምን ያውቃል ብሎ ይሆናል። አልተሳሳተም፤ እኔ እመቤቲቱን ባልጠይቅ አላውቅም ነበር።»

«ያንንማ እኮ ነው የምለው፣ ልጅቷ...» አለ ሳጅኑ።

«ሳጅን፣ ተቀመጥ።»

ሳጅኑ ተቀመጠ።

«ከሞቱ በኋላ መድረኩ ላይ የወጣው ነገር ሁላችንንም አስበረገገን። ማን ጻፈው ብለን ተጨነቅን። ማንም አልጻፈውም፤ ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ይህች ልጅ በሕይወት ያሉ ማስመሰል ብትፈልግ ኖሮ "እንደምን አደራችሁ" ታሰኘው ነበር እንጂ ቁጥር አታስቆጥረውም። ማን ጻፈው ስንል የተጻፈውን ያነበበ ጠፋ።» ወረቀቱን አነሳች። «አራት ሰዓት ላይ ሰዓቱ ያነክሳል። አራት ተኩል ላይ ማነከሱን ትቷል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው አቃንቶታል። ሟቹ አይደሉም። ሐኪሙ ከአራት በፊት ሞተዋል ይላል፤ ወንድማቸውም አራት ላይ ስልኩን ይዞ ጠብቆ ቀርቷል።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ አወያዩ።

«እኔም እንደርስዎ ጠየቅሁ። መሳቢያዎቹ ተፈትሸዋል፤ ገዳዩ የሚፈልገው ነገር ስለነበረው ቆይቷል። ግን ከሬሳ ጋር ተዘግቶ ሰዓት የሚያቃና ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅቷ አታቃናውም፤ ብታቃናው ማሽኑ ለዓለም እንደሚናገርባት ከማናችንም በላይ ታውቃለች። እመቤቲቱ አያቃኑትም፤ አቧራውን እንኳ እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል፤ ደግሞም እህታቸው ቤት ነበሩ። እርስዎ አያቃኑትም፤ በሠላሳው ቀን ተማምለው፣ ተቃና ብለው ሊጣሉ መጡ። መድረኩን የሚያነብ ሰው ሁሉ ያ ሰዓት ለምን እንደተጣመመ ያውቃል። ከዚህ ቤት የማያውቀው አንድ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው። መድረኩን ማየት ከተወ፣ ይህን ደጃፍም ካልረገጠ ወር ሊሞላው ነው።»

ወርቅ እጁ ሳቅ አለ። «አለማወቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። የእጅህ ነገር ነው። ቅዳሜ ቦርሳዬ ያጋደለውን ሰዓት ወሬህን ሳታቋርጥ አቃናኸው። ይቅርታ ስልህ "የቱን?" አልከኝ። የኔ እጅ እንዲህ አያደርግም፤ የሳጅኑም አያደርግም። ስንወጣ ያቃናኸውን ሰዓት ወስደን አሻራውን ከዚህኛው ጋር አስመረመርን። በዚህ ሳጥን ላይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አቧራ መሐል፣ አንድ አውራ ጣት አለ። ያንተ ነው። ወር ሙሉ አልረገጥኩትም ያልከው ቤት ውስጥ።»

ሰውዬው እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፤ የት እንደሚያደርጋቸው ግን ጠፋው።

ወንፊት ለልጅቷ ምልክት ሰጠቻት። ልጅቷ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ፣ ፈቃድ የሚጠብቀውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች።

«በሙዚየሙ አዳራሽ ያለው ሰዓት ውስጡ ሰዓት ሥራን ያስተማረኝ የመምህሬ እጅ ሥራ አይደለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ በተለጠፈው ፎቶ ላይ መምህሬ በመርፌ የጫረው ምልክት አለ። ዘንድሮ በተለጠፈው ላይ የለም። አሮጌው ተሰብሮ አዲስ ተሠርቶለታል፤ እንዳልተነካ ተደርጎም ተመስግኖበታል። ሁላችንም እንሰብራለን፤ መስበር ነውር አይደለም። ነውሩ አልሰበርኩም ማለት ነው። ይህን ያደረገውን ልጄ ብዬ ነው ያሳደግሁት። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቀዋለሁ። ራሱ ከተናገረ ይህ ጽሑፍ አይወጣም።»

ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«ልለምናቸው ነው የመጣሁት» አለ ወርቅ እጁ። «የሙዚየሙን ሰዓት ስነካው እጄ ላይ ተሰበረ። ሁለት ወር አልተኛሁም፤ ተመሳሳዩን ሠራሁ፤ ማንም አልለየውም። እሳቸው ግን ለዩት፤ ደውለውም በፎቶ እንደያዙኝ ነገሩኝ። እስከ ስድስት ሰዓት አሉኝ፤ ከዚያ ሌላ ቃል የላቸውም። ጀርባቸውን ሰጥተው ቋሚውን ሰዓት ከፈቱ። ክብደቱን ከመንጠቆው ሳወጣው አላወቅኩትም።»

«ገመዱን ስትቆርጥስ?» አለችው ወንፊት።

ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። «ፎቶዎቹን ስፈልግ ነበር። ወረቀት ላይ ያሉ መስሎኝ። ያ ነገር ደግሞ ከላዬ ያነክሳል። አላስቻለኝም።»

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ዞረች። ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳውን ያበላችው ሰው ነው።

«እሱ ወለል ላይ ወድቆ፣ ያላስቻለህ የሰዓቱ ማነከስ ነው?» አለችው።

ወርቅ እጁ ሳጅኑ ሳይነካው ተነስቶ ወጣ። ሳጅኑ ከመከተሉ በፊት ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ይቅርታ ሊል ነበር፤ አልሆነለትምና ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ወንፊትም ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል ሚስቲቱ ከግድግዳው ሰዓት ፊት መቆሟን አየች። ሴትዮዋ የሳጥኑን የታችኛውን ጠርዝ በመዳፏ ይዛ ወደ ጎን ገፋችው። ሰዓቱ ማነከስ ጀመረ።

«ከቀን አንድ ጀምር በይው» አለች፣ ልጅቷን ሳታያት።

ልጅቷ አንድ መስመር ጻፈችና ጠበቀች። «38 ይላል፣ እትዬ። የጋሼ 41 ነበር።»

«እጄ አዲስ ነው፤ ይለምዳል።» መጥታ ከልጅቷ አጠገብ፣ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ያ ጽሑፍ አሁንም እየጠበቀ ነው?»

«እየጠበቀ ነው። የባለቤቱን እሺታ።»

«የቅዳሜው ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ባለቤቱም አሁን እኔ ነኝ። የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?»

ልጅቷ አሳየቻት። ሚስቲቱ ፊደሎቹን እየፈለገች፣ በአንድ ጣቷ፣ «እሺ» ብላ ጻፈች።